ልጄን «ብላ» ማለት የተውኩበት ገበታ

የስምንት ዓመት ልጄ ምግብ መራጭ ነው። ሩዝ፣ ዳቦ፣ እንቁላልና ሙዝ ካገኘ ደስ ብሎት ይበላል፤ ስጎ ውስጥ ሽንኩርት ካየ ግን በሹካው ጫፍ አንድ በአንድ እየለቀመ ሳህኑ ዳር ይደረድረዋል። በሁለት ዓመት የምትበልጠው እህቱ በዚያው ገበታ የቀረበላትን ሁሉ ትበላለች። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት «አሞላቅቀሽው ነው» መባሏ አይቀርም፤ እኔ ግን ይህን ክስ አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በብሪታንያ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባሉ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ልጆች አዲስ ምግብን በመሸሽ ከሚለያዩበት ልዩነት 78 በመቶው ከውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። መራራ ጣዕምም ለብዙ ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ይጎላባቸዋል። ልጄ ፊቱን ሲያጨማድድ እያስመሰለ እንዳልሆነ አምኜ ነው የተነሳሁት።

ከሁሉ በፊት ቁመቱንና ክብደቱን አስለካሁ። ዕድገቱ እንዳልተዛባ ሐኪም ሲነግረኝ ልቤ አረፈ፤ ያለዚያ ገበታ ላይ ዝም ማለት አልችልም ነበር። ክብደቱ የሚቀንስ፣ የሚበላቸው ምግቦች ቁጥር እያደር የሚያንስ ወይም ለመዋጥ የሚፈራ ልጅ ግን በቤት ዘዴ ብቻ አይያዝም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንዲህ ያለውን ከባድ ምግብ የመሸሽ ችግር እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል።

ከዚያ በኋላ የተከተልኩት ኤሊን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስፋፋችውን የሥራ ክፍፍል ነው። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። ለመናገር ቀላል ነው፤ ለመፈጸም ግን ምላስን መግታት ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ያስተካከልኩት ሰዓቱን ነው። ተማሪ ልጅ ከትምህርት ቤት ርቦት ይመለሳል፤ ያገኘውን ብስኩት ሲቆረጥም ከቆየ በኋላ እራት ላይ «አልራበኝም» ቢል እውነቱን ነው። መክሰሱን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚበላው እውነተኛ ምግብ አደረግሁት፤ ዳቦ ከእንቁላል ጋር ወይም ፍራፍሬ ከእርጎ ጋር። ከዚያ እስከ እራት ድረስ ውሃ ብቻ። ወተትም ከምግብ ጋር ሆነ እንጂ በየመሃሉ አይቀዳም፤ ሆድ ስለሚሞላ ሌላውን ምግብ ያስረሳል። ብዙዎች የሚያልፉት ይህን ነው፤ ለእኔ ግን ከለውጡ ሁሉ ቶሎ ፍሬ የሰጠኝ ይኸው ነበር።

ለእሱ ብቻ ሌላ ምግብ አይሠራም። ነገር ግን ገበታው ላይ እሱ እንደሚበላው እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ነገር ሁልጊዜ ይኖራል። ሩዙና ስጎው በየራሳቸው ሳህን ይቀርባሉ፤ ራሱ ያነሳል። ሩዝ ብቻ አንስቶ የሚጨርስበት ምሽት ነበር፤ አሁንም አለ። ዝም እላለሁ። ሲበላም «ጎበዝ» አልልም፤ ሙገሳውም ሌላ ግፊት ነውና።

ዝምታው ሞኝነት የሚመስለው ካለ የሚከተለውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሕፃናትን በሁለት ሁኔታ ሾርባ አቀረበላቸው፤ አንዴ «ሾርባህን ጨርስ» እየተባሉ፣ አንዴ ምንም ሳይባሉ። ሳይጎተጎቱ ሲቀሩ የበሉት በለጠ፤ ስለ ሾርባው የተናገሩት ክፉ ቃልም እጅግ አነሰ። ጣፋጭን ለማባበያ መስጠትም ያው ነው፤ ልጁ የሚማረው አትክልቱ ቅጣት፣ ጣፋጩ ሽልማት መሆኑን ነው።

አስቸጋሪዋ አማቴ ነበሩ፤ የሚያስቸግሩትም ከፍቅር ነው። «ይህ ልጅ ሳይበላ ሊነሳ ነው፤ ምነው ዝም አልሽ?» ይሉኝ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠይቁት፤ ሳህኑን ለእሱ እንተውለት» አልኳቸው። ጥያቄውን ወደዱት። እሱም እያወራ ሲቆይ እጁ ሳያስበው ወደ ሳህኑ ይሄዳል።

አሁን ወደ ካሮቱ ልምጣ። የተቀቀለ ካሮት በዓይኑም ማየት አይፈልግም ነበር። የዚህ ዕድሜ ልጅ ምክንያቱን መናገር ስለሚችል፣ ከገበታ ውጪ፣ ማንም ሳይቸኩል ጠየቅሁት። «አፌ ውስጥ ይልፈሰፈሳል» አለኝ። የጠላው ጣዕሙን ሳይሆን ልስላሴውን ነበር! በማግስቱ ጥሬ ካሮትና መላጫ ሰጠሁት። ረጃጅም ልጣጩን እየሳበ ሲያወርድ ቆየ፤ ቀጫጭን አድርገን ከተፍነው፤ አንዱን አሸተተ፣ ነክሶም በሶፍት ተፋው። መትፋት በቤታችን የተፈቀደ ነው፤ መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ልጅ ለመቅመስ ይደፍራል። ከዚያም በየጊዜው የጥፍር ያህል ቁራጭ ከሚወደው እንቁላል አጠገብ ማኖር ቀጠልኩ። ባለሙያዎች አንድን ምግብ ለመልመድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ መሞከር ሊያስፈልግ እንደሚችል ይናገራሉ፤ ማየቱ ብቻ ሳይሆን መቅመሱ ነው የሚያላምደው። ዛሬ ጥሬውን እየቆረጠመ ይበላል፤ በምድጃ የተጠበሰውንም ጀምሯል። የተቀቀለውን አይነካም፤ እኔም አላቀርብለትም።

የምሳ ዕቃው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ሰዓቱ አጭር ነው፣ ጫጫታ አለ፣ ጓደኛ ያያል። እዚያ አዲስ ነገር አልሞክርም፤ የሚያውቀውንና የሚያጠግበውን ብቻ እይዝለታለሁ። ምሳ ዕቃው ግማሽ ሆኖ ሲመለስም ምክንያቱን አልመረምርም፤ መክሰሱን ቀደም አድርጌ አቀርባለሁ። አዲስ ምግብ የሚቀመሰው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ቤት ነን፣ የሚያስቸኩለንም የለም። በመጪው ቅዳሜ ተረኛው ዱባ ነው፤ እህቱ እንድትከትፈው ጠይቃለች፤ እሱ ደግሞ ፍሬውን ለመልቀም ተስማምቷል።