ለዛለው ነቢይ እንጎቻና እንቅልፍ

ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎ ዳገትን በየቀኑ የምንወርድና የምንወጣ ሠራተኞች፣ ሥራው አንገሸገሸን ብለን ለመንፈሳዊ ወዳጅ ስንናገር የምናገኘው መልስ ብዙ ጊዜ «ጸሎት አብዙ» የሚል ነው። ምክሩን አልነቅፍም፤ ሆኖም መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የዛለውን ሰው የሚይዘው መጀመሪያ በእንጀራና በእንቅልፍ፣ ቀጥሎም ሸክሙን በማከፋፈል ነው።

ኤልያስ በቀርሜሎስ የበኣልን ነቢያት ካሳፈረ በኋላ ንግሥት ኤልዛቤል ብትዝትበት ሸሸ፤ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። ጉልበቱ የከዳው በሽንፈት ሳይሆን በታላቅ ድል ማግሥት ነው። መልአኩ ግን ስለ እምነት ማነስ አንዲት ቃል አልተናገረውም፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፣ ዳግመኛ የቀሰቀሰውም መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ጨምሮ እንዲበላ ነበር። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ሆሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያም ብቻዬን ቀረሁ ላለው ነቢይ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ በእግሩ የሚተካውን ኤልሳዕን እንዲቀባም ታዘዘ።

እኅቷ ማርያም ከኢየሱስ እግር ሥር ተቀምጣ ስትሰማ በማስተናገድ የባከነችው የማርታ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ሲጠቀስ ግን ደስ አይለኝም፤ ሳህኑን ማን እንደሚያጥበው የሚያነሣ ሰባኪ እስካሁን አልገጠመኝም።

ከሁሉ ይልቅ ለሥራ ቦታ የሚቀርበው ዘጸአት 18 ነው። ሙሴን፣ በሙስሊሞች አጠራር ሙሳን፣ የማያውቅ ስለሌለ፣ ከሙስሊም ባልደረቦቼ ጋር በምሳ ሰዓት ስናነሣውም ማብራሪያ አያሻውም። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር «በርታ» አላለውም፤ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም፣ ከባዱን ጉዳይ ብቻ ለራሱ እንዲያስቀር መከረው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን መዛል ሲገልጸው፣ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሏል፤ ዮቶርም ያረመው የሙሴን ጠባይ ሳይሆን የሥራውን አደረጃጀት ነበር።

በእኛ ክፍል ሰው በለቀቀ ቁጥር ሥራው ለቀሪዎቹ ይታደላል፣ ምትኩም «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። በሚቀጥለው ስብሰባ የምጠይቀው በመጀመሪያ ክፍት መደቦቹ መቼ እንደሚሞሉ ነው።