በአንድ ቃል የተጠለሉ ፍቺዎች

የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት ስፈልግ፣ ለያዝኩት ዐረፍተ ነገር የሚስማማውን ፍቺ ካገኘሁ በኋላም ገጹን መተው ይከብደኛል። ቃሉ የተሸከማቸው ሌሎች ፍቺዎች ከዚህኛው ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ማወቅ እፈልጋለሁ። አንዳንዶቹ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ ባዕዳን ናቸው። ይህን ሳይለይ የፍቺ ዝርዝር የሚሸመድድ ተማሪ ያሳዝነኛል፤ ነገሩን የሚያስታውስበት መንገድ እያለለት በከንቱ ይደክማልና።

‹ክሬን› የአንድ ረጅም አንገት ያለው ወፍ ስም ነው። ከባድ ዕቃ የሚያነሣው ማሽንም በዚሁ ስም የተጠራው ቅርጹ የወፉን አንገት ስለሚመስል ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሁለቱን ፍቺዎች ዳግመኛ አይለያያቸውም። ‹ባት› ግን ሌላ ነው። ኳስ የሚመታበት ዱላ ስሙን ከጥንት ይዞ የኖረ ሲሆን፣ የሌሊት ወፍ በቀድሞው እንግሊዝኛ ‹ባከ› ስትባል ቆይታ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስሟ ተለውጦ ከዱላው ስም ጋር ገጠመ። በመካከላቸው ዝምድና የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ዘመዳሞቹን በአንድ ርእስ ሥር ሰብስበው ባዕዳኑን በየራሳቸው ርእስ ያስገባሉ። ሆኖም የቃሉ ታሪክና የተናጋሪው ስሜት ሁልጊዜ አይስማሙም። ‹ፋይን› ለመልካምና ለጥሩ ነገር የሚነገር ቅጽል ሲሆን፣ ስም ሲሆን ደግሞ የገንዘብ መቀጮ ነው፤ ዛሬ ማንም እንግሊዛዊ ሁለቱን አያዛምዳቸውም። ሁለቱም ግን መነሻቸው ‹ፍጻሜ› የሚል ትርጉም ያለው ‹ፊኒስ› የተባለው የላቲን ቃል ነው። መልካሙ ነገር ተሠርቶ የተፈጸመ፣ ከፍጹምነት የደረሰ ነው፤ መቀጮውም ክርክሩን የሚፈጽም ክፍያ ነው። ከሁሉም የምወደው ግን ‹ፒውፕል› ነው፤ ተማሪም የዓይን ብሌንም ማለት ነው። የላቲኑ ‹ፑፓ› ትንሽ ልጃገረድ ወይም አሻንጉሊት ሲሆን፣ ከእርሱና ከወንዴው ጾታ አቻው የወጡት ቃላት በሁለት መንገድ ሄዱ። አንደኛው ወላጅ የሞተበትንና በሞግዚት የሚያድገውን ልጅ እየሰየመ ቆይቶ ተማሪን ለመሰየም በቃ። ሁለተኛው ወደ ዓይን ገባ፤ የሌላውን ሰው ዓይን ቀርቦ የሚመለከት ሰው በብሌኑ ውስጥ የራሱን ምስል አሻንጉሊት አክሎ ያየዋልና። እንዲህ ያለ ዝምድና በሁለት የተለያዩ ርእሶች ተከፍሎ ሲቀመጥ ቅር ይለኛል፤ ለዛሬው ተናጋሪ ትክክል ቢሆንም፣ ቋንቋውን ከውጭ ለሚማር ሰው ትልቅ ሀብት ይሸሸግበታል።

ከአንድ በላይ ፍቺ ካለ አንባቢ የትኛውን እንደሚወስድ በምን ያውቃል? በዐውዱ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ሥራው ከሚመስለው ይከብዳል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዋረን ዊቨር እ.ኤ.አ. በ1949 በማሽን ስለሚከናወን የቋንቋ ትርጉም በጻፈው ማስታወሻ፣ ከአንድ ቃል ግራና ቀኝ ያሉትን ጥቂት ቃላት ማየት ፍቺውን ለመለየት ይረዳል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ1960 ግን የቋንቋ ፈላስፋው የሆሹዋ ባር-ሂሌል አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር አምጥቶ ተከራከረ፦ ‹ዘ ቦክስ ዋዝ ኢን ዘ ፔን›፣ ሣጥኑ በ‹ፔን› ውስጥ ነበር። ‹ፔን› መጻፊያ ብዕር ነው፤ ሕፃን እንዳይወጣ ታጥሮ የሚጫወትበት ቦታም ነው። ከፊቱ ያለው ዐረፍተ ነገር ልጁ የመጫወቻ ሣጥኑን ይፈልግ እንደነበር ይናገራል። ሰው ያለ ችግር የሚረዳው ሣጥን ከብዕር እንደሚበልጥ፣ ከአጥሩ ግን እንደሚያንስ ስለሚያውቅ ነው፤ ይህ እውቀት ደግሞ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ በየትኛውም ቃል አልተጻፈም። በቃላት ፍቺ ላይ ካነበብኳቸው ክርክሮች ሁሉ ይህን ያህል በጥቂት ቃል ብዙ ያስረዳኝ የለም።

በእኛም ጽሑፍ ‹አለ› የሚለው ላልቶ ‹ተናገረ›፣ ጠብቆ ደግሞ ‹ይገኛል› ሲሆን ፊደሉ አይለየንም፤ እንዲያም ሆኖ አንባቢ ቆም ሳይል ያልፈዋል። በአእምሮ ውስጥ የሚሆነውን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ስዊኒ በ1979 ባወጣው ጥናት አሳይቷል። እንደ ሸረሪት ያሉ ትንንሽ ነፍሳትም፣ ሰው ሳያውቅ የሚተከል የድብቅ ማዳመጫ መሣሪያም የሚጠሩበትን ‹በግ› (bug) የተሰኘ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ስለ ሸረሪትና በረሮ በሚናገር ዐረፍተ ነገር ውስጥ አሰማ። ዐውዱ ፍጹም ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ቃሉ በተሰማበት ቅጽበት ሁለቱም ፍቺዎች በሰሚው አእምሮ ይነቃሉ፤ ጥቂት የቃል ቀለማት (ክፍለ ድምፆች) አልፈው ሲፈተኑ የቀረው ተስማሚው ብቻ ነው። ስለዚህ የተተወው ፍቺ ለቅጽበትም ቢሆን ጎብኝቶን ይሄዳል ማለት ነው።

ዐውድ ጨርሶ የማይረዳበት ጊዜም አለ። ‹ቴብል› የሚለው ግሥ በብሪታንያ አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ሲሆን፣ በአሜሪካ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው ታሪክ፣ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በአንድ ስብሰባ ተቀምጠው በዚህ ቃል ረጅምና መራራ ክርክር እንደገጠሙ ይተርካል። ቦታው አንድ፣ ጉዳዩም አንድ ነበር፤ በጉዳዩም ላይ ሁለቱ ወገኖች የሚፈልጉት ያው አንድ ነገር ነበር።