የቀቀልኩት ኢንዛይም

ሰበታ አካባቢ አንድ የዓሣ እርባታ ውስጥ መኖ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ዓሣው ቆሮሶ ነው። የዓሣ ዱቄት ስለተወደደብን መኖውን ከኑግ ፋጉሎ፣ ከአኩሪ አተርና ከፉርሽካ ነበር የምንሠራው።

እንዲህ ያለው መኖ አንድ ጣጣ አለው። በውስጡ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። ዚንኩንም አብሮ ይይዛል። ላም ብትበላው ሆዷ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይፈቱላታል። ቆሮሶ ግን ለዚህ የሚበቃ ኢንዛይም የለውም፤ የበላው ፎስፈረስ በኩሱ ወጥቶ ኩሬው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ፎስፈረሱ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የውሃ እጽ ያፋፋውና ውሃው እንደ ጎመን ይሆናል። አልጌው ሌሊት ኦክስጅኑን ስለሚሻማው ጎህ ሲቀድ ዓሣው አፉን ከፍቶ ላይ ላዩን ይላል።

ለዚህ ነው ፋይቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም ያስገዛሁት። ጋሼ፣ ማለትም አለቃችን፣ ደረሰኙን አይተው «ዱቄት ነው ወርቅ?» አሉ። ከፈሉ ግን።

አኩሪ አተር ጥሬውን አይሰጥም። ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው መብሰል አለበት። እኔም ሁሉንም አንድ በርሜል ውስጥ ገልብጬ፣ ኢንዛይሙን ነስንሼ፣ እንፋሎቱ ፊቴን እስኪያቃጥል አበስለው ነበር። ከዚያ በሥጋ መፍጫ እንደ መኮሮኒ እያወጣሁ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።

ሁለት ወር ሞላ። ውሃው ያው ጎመን ነው።

ብርዱ ነው አልኩ። ሰበታ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ቆሮሶ ደግሞ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው የሚስማማው። ጋሼ ኢንዛይም ያልገባለትን ኩሬ በጣታቸው አሳዩኝና «እዚያኛው ብርድ አያውቅም? ምነው ታዲያ እኩል ሆኑ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኩሽና ገብቼ ተነጫነጭኩ። እትዬ አብሲት አብስለው ለብ እስኪል እየጠበቁ ነበር።

«ምንድን ነው ዱቄቱ?» አሉኝ።

«እንደ እርሾ ያለ ነገር ነው። የታሰረውን ይፈታል።»

«እና ቀቀልከው?»

ዝም አልኩ። ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን ተምሬያለሁ፣ ፈተናም ወድቄበት አላውቅም። እንደ እንቁላል ነው፤ አንዴ ከበሰለ ወደ ጥሬው አይመለስም። ሙቀት እንዲችል ተለብሶ የሚሸጥ ዓይነት አለ፣ የኛ ግን አልነበረም። ከረጢቱን ባገላብጠው ጀርባው ላይ ተጽፏል። (ነገሩን ካነሳን፣ ሊጥ ሲቦካም ፋይቴቱ ይቀንሳል። እትዬ ሳያውቁት ሥራውን ከኔ ቀድመው እየሠሩት ነበር።)

አሁን አኩሪ አተሩን ለብቻው አበስላለሁ። መኖው ተሠርቶ ከደረቀ በኋላ ኢንዛይሙን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ እረጭበታለሁ፤ ጥላ ሥር ሲደርቅ ውሃ እንዳያጥበው ትንሽ ዘይት አስነካዋለሁ። መርጫው አዲስ ነው። ጸረ ተባይ የነካው መርጫ ዓሣ ግቢ ውስጥ ባይደርስ ይሻላል።

የዓሣው ክብደት ላይ ተአምር አላየሁም፤ ብርዱ ብርድ ነው። የኩሬው ውሃ ግን እንደ በፊቱ ቶሎ አይለመልምም። የተረፈውን ከረጢት ከበርሜሉ አጠገብ አንስቼ እትዬ ዘንድ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ሳየው ላዩ ላይ በከሰል ተጽፎበታል፦ «አይቀቀልም»።