የአባቴን ሸክላ ቀለም ቀብቼ

ጥፋቱን የሠራሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጳጉሜን ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው የአባታችን ቤት ቀይ ሸክላ ነው። ዙሪያው የጭቃና የብሎኬት ቤት ስለሆነ «ሸክላ ቤቱ ጋ» ካላችሁት ባለባጃጅ ሁሉ ያደርሳችኋል። እኔ ታዲያ ለእንቁጣጣሽ እናቴን ደስ ላሰኛት ብዬ ከውጭ ክሬም ቀለም አስቀባሁት።

ደስታው ቀረና፣ ገና የመጀመሪያው እጅ ሲያርፍ «አባትህ ይህን ሸክላ አንድ አንዱን እያንኳኳ ነው የመረጠው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በደንብ የተቃጠለ ሸክላ ሲንኳኳ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ያልበሰለው ድምፁ ድፍን ነው። ሰማኋት፣ ቀለሙንም ጨረስኩ።

ሻጩ «ፕላስቲክ ቀለም ነው፣ ውሃ አያስገባም» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። ግን አያስወጣምም። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በፊቱ በኩል ይተነፍሰዋል። ውሃውም በፊት ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከመሠረት ይሳባል፣ በጡቦቹ መካከል ባለው በተሰነጠቀ ማያያዣ ይሰርጋል። የእኛማ ከተቀደደው አሸንዳ እየወረደ ግድግዳውን ያጥበው ነበር። አሸንዳው ሳይጠገን ነው እኔ ቀለም የገዛሁት።

ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳ የሚደርቅበት ፋታ የለም። እንግዲህ በጋው ሙሉ እያለ እኔ ጳጉሜን መረጥኩ።

በቀጣዩ ነሐሴ ከማድ ቤቱ መስኮት ሥር የእንቁላል ያህል አረፋ አየሁ። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ፈነዳና ውሃው በክንዴ ወረደ። ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ነጭ ዱቄት። በምላሴ ነካ አደረግሁት፤ ጨው ጨው ይላል። ውሃው ከሸክላውና ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያመጣውን ጨው፣ ሲተን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ያ ጨው ከቀለሙ ጀርባ ሲጠራቀም የሸክላውን ፊት እየገፋ ያረግፈዋል። ሦስት ጡብ ፊቱ ተገሽልጦ አገኘሁ። እሱ ነው ያንገበገበኝ፤ ቀለም ይገዛል፣ እነዚያን ሦስቱን ግን አባቴ ነው የመረጣቸው።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አመጣሁ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ላስቲክ አልብሰኸው ላብ አላበው ትላለህ?» አሉኝ።

መጀመሪያ አሸንዳውን አስቀየሩኝ፤ ከዚያ ማያያዣውን። ቀለሙን በብረት ብሩሽ ልፍቅ ስነሣ እጄን ያዙኝ። የብረት ብሩሽ የሸክላውን ጠንካራ ቆዳ አብሮ ይወስደዋል፣ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ይጠጣል። በሙቅ ውሃ እያለሰለስን በእንጨት ፋቅን። ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል። የሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳ ውስጥ የገባው ቀለም ግን አልወጣም።

«መቀባት ካማረህ ኖራ አለልህ» አሉኝ። ኖራ ላስቲክ አይሆንም። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ መልሶ ድንጋይ ይሆናል፣ እርጥበቱንም ያሳልፋል። ግድግዳውን አርሶ፣ ቀጠን አድርጎ፣ ሦስት አራት ጊዜ መደራረብ ነው። «የአባይ በረሃ ሙሉ የኖራ ድንጋይ እያለልን የባልዲ ቀለም ፍለጋ!» ብለው ሳቁብኝ።

የሸክላ ቤት ያላችሁ፣ መቀባት ካማራችሁ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ውሃ ረጭታችሁ እዩ። ቶሎ ከጠጣው፣ ፕላስቲክ ቀለሙን ለሳሎን አቆዩት።

ኖራውን እንኳ አልቀባሁትም። እናቴ «በቃ፣ ይረፍ» አለች። አሁን ግድግዳው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ክሬም ነው። ባለባጃጆቹም ሸክላ ቤት ማለቱን ትተው «ነብር ቤት» ይሉታል አሉ።