ድህነትን የሚደብቅ ወሰን

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፤ የልማት ገንዘብ በቅድሚያ ወደኋላ ለቀሩ አካባቢዎች ይሰጥ ሲባል፣ «አካባቢው» ከየት ተነሥቶ የት ድረስ እንደሚዘልቅ የሚወስነው ማን ነው? ስለ ድጎማ ቀመር የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ በመለኪያው ላይ ያተኩራል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ወሰኑ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አሠራር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይመስለኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 እስከ 2027 ባለው የበጀት ዘመን፣ የነፍስ ወከፍ ምርቱ በመግዛት አቅም ተሰልቶ ከኅብረቱ አማካይ 75 በመቶ የማይሞላ ክልል ዝቅተኛ ልማት ካላቸው ክልሎች ተርታ ተመድቦ ከፍ ያለ ድጋፍ ያገኛል። መስፈርቱ ግልጽ ነው፤ ሒሳቡንም ማንም ሊያጣራው ስለሚችል አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ የፖላንዱ ማዞቪያ ክልል የደረሰበትን ስመለከት እምነቴ ይላላል። ክልሉ ዋና ከተማዋን ዋርሶን አቅፎ የያዘ በመሆኑ፣ ከ2014 እስከ 2020 በነበረው የበጀት ዘመን ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ እርሱ ብቻ ከበለጸጉት ተመደበ፤ የከተማዋ ሀብት ለመላው ነዋሪ ሲካፈል የገጠሩ ችግር በአማካዩ ውስጥ ጠፋ። በ2018 ዋርሶና ዙሪያዋ ለስታቲስቲክስ ሥራ ራሳቸውን ችለው ሲወጡ፣ የቀረው ክፍል ለቀጣዩ ዘመን ዝቅተኛ ልማት ካላቸው ጋር ተመደበ። መስመሩ በተሠመረበት ዕለት የአንድም ገበሬ ገቢ አልቀነሰም።

አማካዩ ራሱም ይንቀሳቀሳል። በ2004 አሥር አገሮች ኅብረቱን ሲቀላቀሉ የጋራው አማካይ ዝቅ በማለቱ፣ ኑሯቸው ሳይሻሻል ከ75 በመቶው በላይ የተገኙ ክልሎች ነበሩ። ኅብረቱ ድጋፋቸውን በአንድ ጊዜ ከማቋረጥ ይልቅ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ማድረጉን እደግፋለሁ፤ በ74 እና በ76 መካከል ያለው ልዩነት የሰው ኑሮ ልዩነት አይደለምና።

ታዲያ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ እንውረድ ቢባል፣ ሌላ ችግር ይገጥመናል። የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት የሚካሄደው በናሙና ስለሆነ፣ በአንድ ወረዳ የሚጠየቁት ጥቂት ቤተሰቦች ስለ ወረዳው በእርግጠኝነት ለመናገር አይበቁም። ስለዚህ ባለሙያዎች በጥናቱ ውስጥ የቤት ጣሪያ፣ የትምህርት ደረጃና የቤተሰብ ብዛት ከፍጆታ ጋር ያላቸውን ዝምድና ያሰሉና፣ ያንኑ ስሌት እያንዳንዱን ቤት በመዘገበው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ በመተግበር የድህነት ካርታ ያዘጋጃሉ። ይህን ዘዴ ከልብ አደንቃለሁ፤ በትልቁ አማካይ ተሸፍኖ የኖረውን መንደር ወደ ብርሃን ያወጣዋልና። ነገር ግን ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በየአሥር ዓመቱ ነው፤ ከቆጠራው በኋላ በድርቅ ወይም በግጭት የተፈናቀለው ሕዝብ በካርታው ላይ እስካሁን በቀድሞ ቦታው ይገኛል። በመሆኑም ገንዘቡ ከመደልደሉ በፊት ካርታው ለየአካባቢው ነዋሪዎች ቀርቦ ተቃውሟቸው እንዲመዘገብና መልስ እንዲያገኝ፣ ወሰኑ ለምን እንዲህ እንደተሠመረም በጽሑፍ እንዲነገራቸው እፈልጋለሁ።