አባዬ ዳዊታቸውን በብሉቱዝ እንዲሰሙ ያረኩት እንዴት ነው

አባዬ አይናቸው ከደከመ ወዲህ ዳዊት ማንበብ አቃታቸው፣ እድሜ ልካቸውን ሳይደግሙ ውለው ለማያውቁ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ እነሱ ደግሞ መንዝ፣ ከመሀል ሜዳ ወጣ ብሎ ገጠር፣ እዛ ቤት ዳታ እንደልብ አይሰራም ስለዚ ዩቲዩብ ክፈትላቸው ምናምን የሚለው ምክር ለኛ አይሆንም። ብሉቱዝ ግን ኔትወርክም ፓኬጅም አይጠይቅም፣ ሁለቱ እቃዎች፣ ስልክና ስልክ ወይም ስልክና ስፒከር፣ ከተቀራረቡ በቃው።

ንባቡን ዋይፋይ ባለበት አውርጄ በየቀኑ ከፋፈልኩት። ዳዊት የሚደገመው በሳምንቱ ቀን ተከፍሎ ነው አይደል፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80 እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ያልቃል፣ እሁድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልይ ነው። የሳቸው ስልክ ባለቁልፍ ነው፣ አማርኛ ፊደሉን ባዶ ሳጥን አርጎ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚ ፋይሎቹን በቁጥር ብቻ ሰየምኳቸው፣ ሰኞ 1 እሁድ 7። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፣ አባዬ ስክሪኑን ማየት አያስፈልጋቸውም፣ ፎልደሩ ከተከፈተላቸው የታችኛዋን ቁልፍ በጣታቸው ዳብሰው ማክሰኞ ከሆነ አንዴ ረቡዕ ከሆነ ሁለቴ ይጫኑና መሀለኛዋን ሲነኩ ንባቡ ይጀምራል፣ ከዛ ድምፁን እየተከተሉ በቃላቸው ይደግማሉ። ይቺን ሳይ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ፋይሉን ወደ አባዬ ስልክ ከመላኬ በፊት አሳንሼዋለሁ። ለንባብ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየ አንድ ድምፅ) ከበቂ በላይ ነው፣ የ1 ሰዓት ንባብ 29 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ብሉቱዝ በወረቀት ላይ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ይባላል እንጂ በተግባር ቢበዛ 2 ገደማ ነው፣ ባለቁልፍ ስልክ ላይ ደግሞ ከዛም ይወርዳል፣ ስለዚ አንዱን ልካችሁ ቡና እስኪፈላ መጠበቅ ነው እንጂ መነካካት አያስፈልግም።

ለምን ሚሞሪውን ስፒከሩ ላይ ሰክተህ አትሰጣቸውም ያሉኝ አሉ። ይቻላል፣ ግን ስፒከሩ ስክሪን የለውም፣ የዛሬውን ቀን መርጦ ማጫወት አስቸጋሪ ነው። በስልክ ተመርጦ በብሉቱዝ ወደ ስፒከር መላኩ ይሻላል ባይ ነኝ። አንዳንድ ባለቁልፍ ስልክ ግን ፋይል ይቀበላል እንጂ ድምፅ ወደ ስፒከር አያወጣም፣ ስትገዙ እዛው ሱቅ ውስጥ አገናኝታችሁ ሞክሩት።

ከዛ ድምፁ የመቆራረጥ ነገር መጣ። የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ወፍራም፣ ስልኩ ጓዳ ስፒከሩ ሳሎን ከሆነ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አባዬ ደግሞ ስልኩን ኪሳቸው ከተው በርኖሱን ደርበው ጀርባቸውን ለስፒከሩ ሰጥተው ሲቀመጡም ያው ነው። በርኖሱ ምንም አያረግም፣ ችግሩ ሰውነታችን ነው፣ ብሉቱዝ የሚሰራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውሃ ይውጠዋል፣ ሰው ደግሞ አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። ስልኩ መደቡ ላይ ከፊታቸው ሲቀመጥ መቆራረጡ ቆመ። የሚገርመው ያው ስፒከር ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከዚህ በባሰ ይንተባተብ ነበር፣ ምክንያቱም የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ እዛው 2.4 ላይ ነው፣ ብሉቱዝ በሰከንድ 1600 ጊዜ በ79 ቻናል (የሞገድ መስመር) ላይ እየዘለለ ሊያመልጠው ቢሞክርም ሲበዛበት ይሸነፋል። ገጠሩ ላይ አየሩ ባዶ ስለሆነ ከግድግዳው በቀር የሚጋፋው የለም።

ሌላ፣ የእህቴ ልጅ ታች ስክሪን ስልኳን እዛው ስፒከር ላይ ፔር አርጋው (በብሉቱዝ አገናኝታው) ነበር፣ ስፒከሩ ሲበራ የሷን ስልክ ቀድሞ ይይዝና የአባዬ ስልክ አልገናኝም ይላል፣ አንዳንዴም ዳዊቱ ይመጣል ሲባል የሷ ዘፈን ይወጣል። ከሷ ስልክ ላይ የስፒከሩን ስም አጠፋነውና አለቀ። ብዙ ሰው ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ስልክ ሁሉ ብሉቱዝ አጥፍታችሁ እዩት። ጥቅምትና ህዳር ላይ ውርጩ ሲጠና ባትሪም ቶሎ ይደክማል፣ ሊትየም ባትሪ ብርድ አይወድም፣ ማታ ከምድጃው ራቅ አርጋችሁ ግን ሙቀት ያለበት ክፍል ይደር።

አሁን ጎረቤቶች ሰንበቴ ሲወጡ ከአባዬ ስልክ እየተቀበሉ ነው፣ አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈ ከሰፈሩ አልፏል። ለነሱም የነገርኳቸው ተቀብላችሁ ስትጨርሱ ብሉቱዙን አጥፉ፣ መናኸሪያና ገበያ ላይ የማታውቁት ስልክ ልላክ ወይ ሲላችሁ እሺ አትበሉ ነው። እማዬ ደግሞ የኔስ አለችኝ፣ ውዳሴ ማርያምም በሰባቱ ቀን የተከፈለ ስለሆነ አሰያየሙ ያው ነው፣ ፎልደሩን ብቻ ለብቻ አረግላታለሁ።