የኢንዶኔዥያ ተረቶች የሚሰበሩት የት ላይ ነው?

የኢንዶኔዥያን ተረቶች ለማነጻጸር ከማብቂያቸው መነሣት ይሻላል። የእኛ ተራኪ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይሸኘናል፤ እዚያ ግን ብዙው ተረት የሚዘጋው አንድ ተራራ፣ ሐይቅ ወይም ድንጋይ በማሳየት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲሄዱ የፈረሰ ቃል ወይም የተጣሰ ክልከላ ይገኛል። መጠየቅ ያለበት ማን እንዳፈረሰውና ቅጣቱ በማን ላይ እንዳረፈ ነው።

የምዕራብ ጃቫውን ሳንግኩሪያንግ ከመካከለኛው ጃቫ ሮሮ ጆንግራንግ ጎን እናስቀምጥ። አጥንታቸው አንድ ነው፦ ሴቲቱ የማትፈልገው ወንድ ለጋብቻ ይጠይቃታል፤ በአንድ ሌሊት የማያልቅ ሥራ ታዘዋለች፤ በመናፍስት እርዳታ ሊጨርስ ሲል የነጋ አስመስላ ታታልለዋለች። ሳንግኩሪያንግ የቺታሩምን ወንዝ ገድቦ ጀልባ መሥራት ነበረበት፤ ዳያንግ ሱምቢ ጨርቅ ዘርግታ ምሥራቁ የቀላ አስመሰለች። በሁለተኛው ተረት ደግሞ ባንዱንግ ቦንዶዎሶ 1,000 ቤተ መቅደስ ታዘዘ፤ 999 ሲደርስ ልዕልቲቱ ሮሮ ጆንግራንግ እሳት አስለኩሳ ሩዝ በሙቀጫ አስወቀጠች፣ ዶሮዎችም ጮኹ።

የሚለያዩት በቅጣቱ ነው። ሮሮ ጆንግራንግ ተረግማ ራሷ ድንጋይ በመሆን የጎደለውን ትሞላለች፤ ፕራምባናን በተባለው የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ስፍራ፣ በሺቫ ቤተ መቅደስ ያለው የዱርጋ የምትባል አምላክ ሐውልት እሷ ናት ይባላል። በሳንግኩሪያንግ ግን የንዴት ርግጫው ያረፈው በጀልባዋ ላይ ነው፤ ተገልብጣ 2,084 ሜትር ከፍታ ያለው ታንግኩባን ፔራሁ ሆነች፤ የስሙ ትርጉምም «የተገለበጠ ጀልባ» ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሳንግኩሪያንግ የዳያንግ ሱምቢ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ በጭልፋ መትታው የቀረውን ጠባሳ አይታ ለየችው። ማታለሏ ከቃል የሚበልጥ ሕግ ያስከብራል። ባንዱንግ ቦንዶዎሶም የልዕልቲቱን አባት የገደለ ሰው ነው፤ ተረቱ ግን ይህን እያወቀ አይምራትም። ከሁለቱ ተረቶች ጨካኙ ይህኛው ነው።

የሱማትራው ማሊን ኩንዳንግ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። እናቱን ጥሎ በመሄዱ የተቀጣ ይመስላል። በምዕራብ ሱማትራው የሚናንግካባው ሕዝብ ዘንድ ግን ወጣት ወንድ ከቀዬው ወጥቶ ኑሮ መፈለጉ የተከበረ ልማድ ነው፣ ሜራንታው ይሉታል። ድንጋይ ያደረገው በልጽጎ ሲመለስ እናቱን «አላውቃትም» ማለቱ ነው። ስብራቱ መውጣቱ ላይ ሳይሆን መመለሱ ላይ ነው።

የክልከላ ተረቶችም ጥንድ አላቸው። በቶባ ሐይቅ ተረት ባል ሚስቱ ዓሣ እንደነበረች እንዳይናገር ቃል ይገባል፤ ልጁ ምሳውን ሲበላበት ተናዶ «የዓሣ ልጅ!» ይላል፣ ሸለቆው በውኃ ይሞላል። አንድ ቃል፣ አንድ ውጤት። ጃካ ታሩብ ግን የተወሳሰበ ነው፤ ሁለት ምሥጢር አለበት። ባል የሰማያዊቷን ናዋንግ ዉላን መጎናጸፊያ ሰርቆ በጎተራ ሩዝ ሥር ደብቋል፤ እሷ ደግሞ በአንዲት ዛላ ሩዝ ድስት ትሞላለች፣ ክዳኑን እንዳይከፍትም ከልክላዋለች። ሲከፍተው አስማቱ ይጠፋል፤ እንደማንኛዋም ሴት መውቀጥ ትጀምራለች፤ ጎተራው እየጎደለ ይሄድና መጎናጸፊያዋ ብቅ ይላል። ያኔ ወደ ሰማይ ትመለሳለች። ተረቱን የሚያሳጥሩ ሰዎች ጎተራውን ሲቆርጡት ሚስቲቱ ለድስት ክዳን ብላ ትዳሯን የፈታች ትመስላለች።

ወደ ቤት ተመልሰው የሚያበቁት ሌላ ቤተሰብ ናቸው። በቲሙን ማስ፣ ከወርቅማ ኪያር የተወለደችው ልጅ ግዙፉን ቡቶ ኢጆ የምታመልጠው በአራት ነገር ነው፦ የኪያር ዘር፣ መርፌ፣ ጨውና ተራሲ የሚባል የሽሪምፕ ድልህ። ቅደም ተከተሉ እንደ ተራኪው ቢለያይም እንቅፋቱ እየከበደ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ የፈላ ጭቃ የሚሆነው ተራሲ መጨረሻ ላይ ሲቀር ያምራል። የእንጀራ እህትማማቾቹ ባዋንግ ሜራ እና ባዋንግ ፑቲ ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ ስማቸው እንኳ ትርጉም አያስቸግርም፦ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርት አንዲት አሮጊት አገልግላ ትንሹን ዱባ ትመርጣለች፣ ወርቅ ታገኛለች። የቀይ ሽንኩርት ጉዞ በዚያው መንገድ ያልፋል፤ አድማጩ መንገዱን ስለሚያውቀው ግን በግማሽ ርዝመት መነገር አለበት፤ ትልቁ ዱባ ቶሎ ተከፍቶ እባቦቹ ይውጡ።